የዘማች ቀጠሮ

ቤተ ክርስቲያናችን ለልጆቿ ቍጥሩ ያልታወቀ ሸክም አትሰጥም። ዐቢይ ጾም 55 ቀን መሆኑ ታውቆ ይጀመራል፤ ፍልሰታ በነሐሴ 1 ቀን ተይዞ በ16 ይፈታል። ወንድ ልጅ በ40 ቀኑ፥ ሴት ልጅ በ80 ቀኗ ትጠመቃለች። ኀዘን እንኳ ሳይቀር ሣልስት፥ አርባ፥ ሰማንያ፥ መንፈቅ፥ ሙት ዓመት እየተባለ በቍጥር ይሄዳል። ይህም የሆነው እግዚአብሔር ቀን መቍጠር የሚያስፈልገው ሆኖ አይደለም፤ የሰው ልብ መጨረሻውን ያወቀውን መከራ በትዕግሥት የሚሸከም፥ መጨረሻውን ያላወቀውን ግን ትንሽ እንኳ ቢሆን የሚጐብጥበት ስለ ሆነ ነው።

የተወደዳችሁ አንባቢዎች፤ በዚህ ጽሑፍ የማነሣው ነገር በመጽሔታችን ዘወትር ከሚነገረው ከጋብቻ፥ ከጾምና ከልጆች አስተዳደግ የራቀ ሊመስል ይችላል። ይኸውም አገር ችግር ላይ በወደቀች ጊዜ መንግሥት የወታደርን የአገልግሎት ዘመን ለማራዘም ያለው ሥልጣን ነው። ነገሩን የሕግ ዐዋቂዎችና የጦር መኰንኖች ብቻ ሊነጋገሩበት የሚገባ አድርጎ የሚመለከተው ሰው ብዙ ነው። ይሁን እንጂ ዐዋጁ የሚጻፍበት ጠረጴዛ በአዲስ አበባ ቢሆንም፥ የተራዘመው ቀን የሚቈጠረው በገጠር ምድጃ ዳር ነው፤ የሚቈጥሩትም እናት፥ ሚስትና እጮኛ ናቸው።

እኔ የተወለድሁት በፍኖተ ሰላምና በቡሬ መካከል ካለው ገጠር ነው። ፍኖተ ሰላም በግእዝ የሰላም መንገድ ማለት እንደ ሆነ ሁሉም ያውቃል። ነገር ግን ከደብረ ማርቆስ ተነሥቶ በደምበጫ፥ በጅጋ፥ በፍኖተ ሰላም፥ በማንኩሳና በቡሬ አድርጎ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው በዚህ መንገድ ላይ ዘማች ሲያልፍ ያላየ ትውልድ የለም። አያቶቻችን በ1928 ዓ.ም. ራስ እምሩን ተከትለው ወደ ሽሬ ዘምተዋል፤ በ1933 ዓ.ም. ደግሞ ጣልያን የቡሬንና የማንኩሳን ምሽግ ለቆ ወደ ደብረ ማርቆስ ሲያፈገፍግ አይተዋል። ዛሬም የመከላከያ ሠራዊት መሠረታዊ ማሠልጠኛ ያለበት ብር ሸለቆ የሚገኘው ከዚሁ አገር ነው። ስለዚህ ውትድርና ለእኛ ከሩቅ የሚሰማ ወሬ ሆኖ አያውቅም።

የጥንቱ ክተት ቀላል ነበር የሚል ካለ ታሪክን አላነበበም። ዘማቹ በመንገዱ ያለውን ገበሬ ጎተራ ባዶ እያደረገ ያልፍ እንደ ነበረ የዘመኑ ጸሐፊዎች አልደበቁትም። ነገር ግን የዘመቻው መጨረሻ ለሁሉ የሚታይ ነበር። ዐፄ ምኒልክ በመስከረም 1888 ዓ.ም. ክተት ብለው ዐወጁ፤ የዐድዋ ድል በየካቲት 23 ቀን ሆነ፤ ንጉሠ ነገሥቱም በግንቦት አዲስ አበባ ገቡ። ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን ተከትሎ የሄደው የጎጃም ሰው ጠላቱን በስሙ ያውቀዋል፤ ጠላቱ ሲሸነፍም ቤቱ እንደሚገባ ያውቃል። ከ1943 ዓ.ም. ጀምሮ ወደ ኮርያ የተላኩት የቃኘው ሻለቆችም አንዱ ዓመት ያህል ከቈየ በኋላ ሌላው እየተተካለት ተመልሰዋል። በጣልያን ዘመን በዳሞትና በቡሬ ዱር ከደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬ ጋር የቈዩት ዐርበኞች ቀጠሮ አልነበራቸውም፤ ይሁን እንጂ እነርሱን ማንም ሳያዝዛቸው በፈቃዳቸው የገቡበት ነው። ሰው ራሱ የተሳለውን ስለት ሌላው ከጫነበት ግዴታ ጋር አንድ አድርጎ ማየት አይገባም።

የኛ ቤት ይህን ነገር የተማረው በ1975 ዓ.ም. ከወጣው ከብሔራዊ ውትድርና አገልግሎት ዐዋጅ ነው። በዚህ ዐዋጅ፥ ቍጥሩ 238 ነበር፥ ዕድሜው ከ18 እስከ 30 ዓመት የሆነ ኢትዮጵያዊ 6 ወር ሠልጥኖ 2 ዓመት እንዲያገለግል ተደነገገ፤ በድምሩ 30 ወር መሆኑ ነው። ከዚያ በኋላ እስከ 50 ዓመት ዕድሜው ድረስ በተጠባባቂነት ተመዝግቦ ይኖራል። እንግዲህ አንባቢ ልብ ይበል፤ ሠላሳ ወር ተብሎ ለቤተ ሰብ የተነገረው የውስጠኛው ክፍል በር ነበር እንጂ የግቢው በር አልነበረም። ከዚያ የወጣ ሰው እስኪሸመግል ድረስ በጥሪ ሥር ነው። ይህን ያን ጊዜ የተረዳ የገጠር ሰው አልነበረም፤ የከተማውም ቢሆን ያነበበው ጥቂት ነው። ሰው የያዘው ሠላሳ ወር የምትለዋን ቃል ብቻ ነበር።

ምልመላው የሚካሄደው በከተማ በቀበሌ፥ በገጠር በገበሬ ማኅበር በኩል ነበር። ለየማኅበሩ ቍጥር ይወርዳል፤ ቍጥሩን የሚሞላው ማን እንደ ሆነ ግን የሚወሰነው በዚያው በመንደሩ ሰዎች ነው። ዘመድ ያለው ልጁን ያስቀራል፥ ዘመድ የሌለው ይሄዳል፤ ጎልማሶች ወደ በረሃ ይወርዳሉ፤ በገበያ ቀን አፈሳ አለ የተባለ እንደ ሆነ ሸማ ለብሶ የመጣው ወጣት ሁሉ ሸማውን ጥሎ ይሮጣል። ታላቅ ወንድሜ አልሮጠም። አባታችን ቀደም ብሎ ዐርፎ ነበርና የቤቱ አራሽ እርሱ ሲሆን፥ ቢሸሽ በእናታችንና በእኛ በታናናሾቹ የሚመጣውን አስቦ በተጠራበት ቀን ሄደ። ዕለቱ ጥር 19 ቀን 1977 ዓ.ም. የገብርኤል ዕለት ነበር።

እናታችን ፊደል አልቈጠረችም፤ ቍጥር ግን ታውቃለች። ከጥር ገብርኤል በኋላ ሠላሳ ገብርኤል ብትቈጥር ሐምሌ 19 ቀን 1979 ዓ.ም. ላይ ይውልላታል፤ ይህም ቅዱስ ገብርኤል ሕፃኑን ቂርቆስንና እናቱን ኢየሉጣን ከፈላ ውኃ ያዳነበት የክብር በዓል ነው። እናት ከዚህ የበለጠ ምን ምልክት ትፈልጋለች? በየወሩ በ19 ቤተ ክርስቲያን ስማ ስትመለስ ስንተኛው ገብርኤል እንደ ሆነ ሳትጠየቅ ትነግረን ነበር። ቤቱንም በዚያው ቍጥር አስተዳደረችው። በእኛ አገር ሴት ሞፈር አትይዝምና፥ ጤፉንና ዳጉሳውን ጎረቤት በደቦ እያረሰላት፥ በርበሬውን እኛ ልጆቿ እየኰተኰትን፥ አንዱን በሬ እንኳ ሳትሸጥ ቈየች፤ ሲመጣ በምን ያርሳል ብላ ነው። ወንድማችን ታጭቶ ስለ ነበረ ሠርጉ ለጥር 1980 ዓ.ም. ተቀጠረ። ለልጅቱ ወላጆችም የተነገራቸው ቀን ይኸው ነበር።

ደብዳቤዎቹን የማነብላት እኔ ነበርሁ። ሁሉም የሚጀምሩት ከናንተ ናፍቆት በቀር ደኅና ነኝ በሚል ነው፤ ሁሉም የሚጨርሱት ለጎረቤቱ በየስሙ ሰላምታ በማቅረብ ነው። ሐምሌ 1979 ዓ.ም. ገብቶ 19ኛው ቀን አለፈ፤ እርሱ አልመጣም። በመስከረም የመጣው ደብዳቤ ግን በመኻሉ አንድ አዲስ ዐረፍተ ነገር ነበረው፤ የአገልግሎት ዘመናችን በአገሪቱ ሁኔታ ምክንያት ለጊዜው ተራዝሞአል ተብለናል ይላል። እናታችን እንደገና አስነበበችኝ። ከዚያም፥

«ለጊዜው ማለት ስንት ነው?» ብላ ጠየቀችኝ።

የዐሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ነበርሁና መምህራችን ዘንድ ሄጄ ጠየቅሁ። እርሱም ደብዳቤውን ተቀብሎ ካነበበ በኋላ አጥፎ መለሰልኝና፥ «ለእናትህ ጥቂት ነው በላት» አለኝ። እንደ ታዘዝሁት አደረግሁ። ጥቂት የሚለው ቃል ግን በገብርኤል አይቈጠርም።

በመጋቢት 1980 ዓ.ም. አፍዓበት ላይ የነበረው ጦር ተመታ። ወዲያው ሁሉም ነገር ወደ ጦር ግንባር የሚለው መፈክር በየግድግዳው ተጻፈ፤ በግንቦት በኤርትራና በትግራይ የአስቸኳይ ጊዜ ሁኔታ ታወጀ። ከዚያ ወዲህ ስለ ሠላሳ ወር የሚያነሣ ሰው አልተገኘም፤ ቢያነሣም የሚሰማው አልነበረም። የወንድማችን ደብዳቤ መጀመሪያ በየሦስት ወሩ፥ በኋላም በየመንፈቁ ሆነ፤ በ1981 ዓ.ም. ከጥምቀት በኋላ ጨርሶ ቀረ።

በዚሁ መኻል የልጅቱ ወላጆች ሽማግሌ ላኩ። ክፉ ሰዎች አልነበሩም፤ የሠርጉ ጥር ካለፈ በኋላ አንድ ዓመት ሙሉ ታግሠዋል። ልጅቱ ዕድሜዋ እየሄደ ነው፤ ሌላ ጠያቂ መጥቶአል፤ እናንተ ጠብቁ ካላችሁ እስከ መቼ እንደ ሆነ ንገሩን አሉ። ጥያቄአቸው ተገቢ ነበር። እናታችንም ሽማግሌዎቹን ጠላ አቅርባ ካስተናገደች በኋላ፥ «ለኔ ልጅ ቀን የሚቈርጥለት ጠፋ፤ እኔ ደግሞ የሰው ልጅ ያለ ቀን ልያዝ? እግዚአብሔር ይባርክላት» ብላ ጥሎሹን እንኳ ሳትጠይቅ አሰናበተቻቸው። ልጅቱ በቡሬ አጠገብ ተዳረች።

ይህን ሳስብ ዘወትር የሚታወሰኝ የኦሪት ዘዳግም 20ኛው ምዕራፍ ነው። በዚያ ሕግ ሠራዊቱ ከመዝመቱ በፊት አለቆቹ በፊቱ ቆመው አዲስ ቤት ሠርቶ ያላስመረቀው፥ ወይን ተክሎ ያልለቀመው፥ ሴት አጭቶ ያላገባት ወደ ቤቱ እንዲመለስ ይናገራሉ። በ24ኛው ምዕራፍ ደግሞ አዲስ ሙሽራ አንድ ዓመት ሙሉ ከዘመቻ ነጻ ሆኖ ሚስቱን ደስ እንዲያሰኛት ታዝዞአል። ይህ የተጻፈው ለሰላም ጊዜ እንዳይመስለን፤ ጠላት ፈረስና ሠረገላ ይዞ በቆመበት ሰዓት የሚነገር ነው። ቅዱስ ዳዊትም በመጽሐፈ ዜና መዋዕል ቀዳማዊ ምዕራፍ 27 እንደ ተጻፈው ሠራዊቱን በ12 ክፍል፥ እያንዳንዱን ክፍል 24 ሺህ አድርጎ በየወሩ ያፈራርቅ ነበር። ሰሎሞን ለሊባኖስ ሥራ ያወጣቸውን 30 ሺህ ሰዎች አንድ ወር በሊባኖስ፥ ሁለት ወር በቤታቸው እንዲሆኑ አደረገ። ይህ ሁሉ ተደርጎ እንኳ ሕዝቡ ቀንበሩ ከበደን አለ፤ ሮብዓምም አላቀልም ባለ ጊዜ ዐሥሩ ነገድ ተለዩት። ካህናቶቻችን በስብከታቸው የሮብዓምን ትዕቢት ብዙ ጊዜ ያነሡታል፤ የመንግሥቱ መከፈል ግን የተጀመረው በግዳጅ ሥራ በደከሙ ቤቶች ውስጥ መሆኑን አብዝተው ቢነግሩን እወድ ነበር።

ከዚህ ላይ ሌላውን ወገን መስማት ይገባል። አጎታችን በ1969 ዓ.ም. ሶማሊያ በወረረችን ጊዜ በታጠቅ ጦር ሰፈር ሠልጥኖ ወደ ምሥራቅ የዘመተ ሚሊሺያ ነበር፤ እግሩ ላይ የጥይት ምልክት አለበት። ይህን ነገር ባነሣሁ ቍጥር ይቈጣኛል። «ድሬዳዋ በር ላይ ጠላት ቆሞ ሳለ ቀኔ ሞልቶአልና ልሂድ የሚል ወታደር ቢኖር ኖሮ አገር ይኖር ነበር ወይ? ጠላት የኔን ቀጠሮ ያከብርልኛል ወይ?» ይላል። ለዚህ መልስ የለኝም፤ እውነቱን ነውና። ግማሹ ጦር ሰዓቱ ደርሶአል ብሎ ምሽጉን ቢለቅ በቀረው ግማሽ ላይ የሚደርሰው ዕልቂት ነው። የጓደኛውን ጎን ባዶ ትቶ የሚሄድ ወታደር ቀኑ ቢሞላም ኅሊናው አይፈቅድለትም። እንግዲህ መንግሥት በእውነተኛ ችግር ጊዜ ዘመንን የማራዘም ሥልጣን ሊኖረው አይገባም ብዬ አልከራከርም። የምከራከረው ለጊዜው ስለምትለው ቃል ነው።

የሌላውን ዓለም ሁኔታ ብንመለከት ነገሩ የኛ ብቻ እንዳልሆነ እናያለን። እኛ ነጻነታችንን ባገኘንበት በ1933 ዓ.ም. መጀመሪያ አሜሪካ ወጣቶቿን ለ12 ወር ወደ ጦር የሚጠራ ሕግ አወጣች። ዓመቱ ሊሞላ ሲል፥ በነሐሴ ወር፥ መንግሥት ዘመኑ እንዲራዘም ጠየቀ። ወታደሮቹ አጕረመረሙ፤ በሕግ መምሪያው ምክር ቤት ከተከራከሩ በኋላ ድምፅ ሲቈጠር 203 ደገፉ፥ 202 ተቃወሙ። በአንድ ሰው ድምፅ ማለት ነው! የተጨመረውም ጊዜ በሕጉ ላይ ተጽፎ ነበር፤ 18 ወር። ከአራት ወር በኋላ ጃፓን ፐርል ሃርበርን ስለ መታች አገሪቱ ጦሯን ባለመበተኗ ተጠቀመች። አጎቴ ይህን ባነበብሁለት ጊዜ «አየህ!» አለኝ፤ እኔም «አየሁ፤ ግን ቀኑ ተጽፎ ነበር» አልሁት። ሁለታችንም የየራሳችንን ይዘን ቀረን።

በአንጻሩ ደግሞ ጎረቤታችን ኤርትራ አለች። በ1988 ዓ.ም. ባወጣችው ሕግ ብሔራዊ አገልግሎት 18 ወር፥ ከዚህም 6 ወሩ ሥልጠና ነበር። በ1990 ዓ.ም. ከእኛ ጋር የነበረው ጦርነት ሲነሣ የተጠሩት አልተለቀቁም፤ ጦርነቱ በ1992 ዓ.ም. ሲቆምም አልተለቀቁም፤ በ2010 ዓ.ም. የሰላም ስምምነት ሲፈረምም ዐሥራ ስምንቱ ወር ተመልሶ አልጸናም። በዚያ ካሉ እናቶች ብዙዎቹ እንደኛው ተዋሕዶዎች ናቸው፤ እንደኛው በገብርኤልና በማርያም ይቈጥራሉ። ከባሕር ማዶም ዩክሬን በ2014 ዓ.ም. ከተወረረች ወዲህ የዘመቱትን ማሰናበት አልቻለችም፤ በ2016 ዓ.ም. በወጣው የምልመላ ሕግ ረቂቅ ላይ ከ36 ወር በኋላ ይሰናበታሉ የሚል አንቀጽ ነበር፤ ሕጉ ሲጸድቅ ግን አንቀጹ ተነሣ። ሚስቶቻቸው ጽሑፍ ይዘው አደባባይ ሲቆሙ ታይተዋል። የተወረረ አገር መሆኑን እያወቅሁ፥ የእነዚያ ሴቶች ጥያቄ የእናቴ ጥያቄ መሆኑን መካድ አልችልም።

ስለ ዛሬው የአገራችን ሕግም ጥቂት ልበል። ዛሬ እንደ 1975ቱ ያለ የግዳጅ ውትድርና ዐዋጅ የለም፤ ሠራዊቱ የሚመለመለው በፈቃደኝነት ነው ይባላል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 93 የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅን በቍጥር አስሮታል፤ ምክር ቤት ሲያጸድቀው እስከ 6 ወር ይቈያል፥ ከዚያም በሁለት ሦስተኛ ድምፅ በየ4 ወሩ ሊታደስ ይችላል። ስንት ጊዜ እንደሚታደስ ግን አልተወሰነም። በጥቅምት 23 ቀን 2014 ዓ.ም. የታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ዕድሜው ለውትድርና የደረሰና መሣሪያ ያለው ሰው እንዲሠለጥንና ግዳጅ እንዲቀበል ለማዘዝ ሥልጣን ሰጥቶ ነበር፤ በየካቲት ወር ጊዜው ሳይሞላ ተነሣ። በሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል የታወጀው ደግሞ አንድ ጊዜ በ4 ወር ተራዝሞ በ2016 ዓ.ም. ግንቦት መጨረሻ አበቃ። በዚያ ዐዋጅ መጀመሪያ፥ በነሐሴ 7 ቀን፥ በፍልሰታ ጾም፥ ፍኖተ ሰላም ላይ በደረሰው የአየር ጥቃት ከ20 የሚበልጡ ሰዎች እንደ ሞቱ የሆስፒታል ሰዎች ተናግረዋል። የአስቸኳይ ጊዜ የሚለው ቃል በእኛ ከተማ የጋዜጣ ቃል ብቻ ሆኖ የማይሰማው ስለዚህ ነው።

ታዲያ ልብ ያልሁት ነገር ይህ ነው። ዐዋጁ ራሱ ቀጠሮ አለው፤ ሲያልቅ እንደገና መጠየቅ፥ መከራከር፥ ድምፅ መቍጠር ይገባል። ዐዋጁ የጠራው ሰውስ? ለአንድ ዐዋጅ የተሰጠው ክብር ለአንድ የገበሬ ልጅ ቢሰጠው ምን ይጐዳል? ዘመኑ የሚራዘም ከሆነ የተጨመረው ወር ተቈጥሮ ይጻፍ፤ የተጨመረው ሲያልቅ ሌላ መጨመር ካስፈለገም ሕዝብ የመረጣቸው ሰዎች በፊታችን ቆመው ምክንያቱን ይናገሩ። ወረቀቱ ለወታደሩ ብቻ ሳይሆን ላሳደገው ቤት ይድረስ። ወታደሩ በሕይወት መኖሩን ወይም አለመኖሩን የሚናገር፥ በስሙ የሚጠየቅ ሰው ይኑር። ይህ የመጨረሻው ለእኔ ከሁሉ የሚበልጥ ነው። የጦር አዛዥ ምስጢሩን ይጠብቅ፤ ክፍሉ የትና ስንት እንደ ሆነ አንጠይቅም። የእናት ጥያቄ ግን የጦር ምስጢር አይነካም።

በግንቦት 1983 ዓ.ም. መንግሥት ተለወጠ፤ ያ ታላቅ ሠራዊት ተበተነ። አያሌ ሺሕ ወታደር ወደ ሱዳን ተሻገረ፤ የቀረው በእግሩና በጭነት መኪና እየተንጠባጠበ ገባ። በዚያ ክረምት እናታችን በፍኖተ ሰላም መንገድ ዳር ተቀምጣ ያልጠየቀችው የተመለሰ ወታደር የለም። በ1984 ዓ.ም. አንድ የቡሬ አካባቢ ሰው ምጽዋ ከመያዟ በፊት በ1982 ዓ.ም. መጀመሪያ እዚያ አይቼዋለሁ አለ፤ ከዚያ ወዲያ ያየው ሰው አላገኘንም። ሞተ የሚል አልመጣም፤ አለ የሚልም አልመጣም። ተዝካር ለማውጣት ሞቱን ማን መሰከረ? ላለማውጣትስ በሕይወት መኖሩን ማን መሰከረ? ርስቱን ለመካፈል፥ በሬዎቹን ለመሸጥ፥ ጥቁር ለመልበስ እንኳ የሚያበቃ ቃል አልነበረንም። እናታችን ለሰባት ዓመት ያህል ነጭም ጥቁርም ያልሆነ ልብስ ለበሰች።

በ1986 ዓ.ም. የንስሐ አባታችንን ጠርታ አማከረች። ሽማግሌ ካህን ነበሩ፤ ነገሩን ሁሉ ከሰሙ በኋላ ብዙ ዝም አሉ። ከዚያም፥ «ልጄ፥ ሞቶ እንደ ሆነ ነፍሱን ይማርልን፥ በሕይወት ካለም ባለበት ይጠብቅልን ብለን እንለምናለን፤ እግዚአብሔር የጸሎት አድራሻ አይስትም» አሏት።

«በየትኛው ቀን ይሁን፥ አባ?»

«የዐረፈበትን ቀን የሚያውቅ የለምና አንቺ ቀን ምረጪ።»

«እንግዲያው ሐምሌ ገብርኤል ይሁን፤ ያን ቀን ይመጣል ተብዬ ነበር።»

ከዚያ ዓመት ጀምሮ በየሐምሌው 19 ቀን ጠላ ይጠመቃል፥ ዳቦ ይጋገራል፥ ካህናት ይመጣሉ። በመጀመሪያው ዓመት የተጠራው የወንድማችን የክርስትና ስም ብቻ ነበር። በሁለተኛው ዓመት ግን አንዲት የጎረቤት እናት የልጇን ስም ይዛ መጣች፤ እርሱም በዚያው ጥር የሄደ ነበር። ከዚያም ከጅጋ በኩል አንድ አባት መጣ፤ ቀጥሎም ከጦርነቱ የተመለሱት የቀድሞ ወታደሮች ራሳቸው የጓደኞቻቸውን ስም ማስጻፍ ጀመሩ፤ የአንዳንዱን የክርስትና ስም ባያውቁት የቤት ስሙን ያስጽፋሉ። ካህኑ አንድ ደብተር አወጡለት። እናታችን በ2009 ዓ.ም. ስታርፍ እኅቴ ደብተሩንም ድግሱንም ተረከበች።

ባለፈው ሐምሌ 17 ስም ተነበበ። ጸሎቱ አልቆ ሰው ሊቀመጥ ሲል ዕድሜዋ ከሠላሳ የማይበልጥ ሴት በር ላይ ቆማ ሌላ ስም ማስጻፍ ይቻል እንደ ሆነ ጠየቀች። ባሏ በ2013 ዓ.ም. የዘመተ ነው። እኅቴ ገብታ እንድትቀመጥ ነገረቻትና ይመለሳል የተባለበት ቀን የትኛው እንደ ነበረ ጠየቀቻት። ሴትዮዋም ቀን አልተነገረኝም አለች። ካህኑ የክርስትና ስሙን ጠይቀው ከአሥራ ሰባቱ በታች ጻፉት።